ከሞላሌ የመጣ ጋውን

ኮከብ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ እናቷ የለቀመችውን ምስር ደግማ እየለቀመች ነበር።

ሰፌዱ በሁለቱ ጉልበት ላይ ተጋድሟል። ጥሩሸዋ አንገቷን ደፍታ፣ ጭንቅላቷን ከጣቶቿ ጋር እኩል እያንቀሳቀሰች ትለቅማለች። ዓይኗ ካረፈበት ቦታ አንዲት ጠጠር አታመልጣትም። ዳር ዳሩ ግን ለእሷ የሌለ ያህል ነው። ኮከብ እናቷ ወደ ቀኝ ስትዞር ከግራ፣ ወደ ግራ ስትዞር ከቀኝ፣ ድምፅ ሳታሰማ ጠጠር እያነሳች በመዳፏ ትይዛለች። መዳፏ ሲሞላ ሰበብ ፈልጋ ትነሳለች።

«አሁን ደግሞ ወዴት ነው?» አለች ጥሩሸዋ።

«ውኃ ልጠጣ።»

«ከመጣሽ ጀምሮ ውኃ ብቻ ሆነ እኮ ሥራሽ። እዚያ ትምህርት ቤታችሁ ውኃ የለም እንዴ?»

«አለ፤ እንደዚህ አይቀዘቅዝም።»

«የመንዝ ብርድ ናፈቀኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ» ብላ እናቷ ሳቀች። ኮከብ ወደ ደጅ ወጥታ ጠጠሩን ከግቢው ግንብ ሥር በተነችውና ተመለሰች።

ባለፈው ጥቅምት አባቷ በኃይሉ እናቷን ይዘው ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ሐኪሙ «ግላኮማ» አለ። ከዳር ጀምሮ እየጠበበ የሚሄድ የዓይን ሕመም ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለ። እስከ መቼ ሲሉት፣ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ሊያንስም ይችላል ብሎ መለሰ። ጥሩሸዋ ራሷ ሕመሙን ስትገልጸው «በመቃ ቀዳዳ እንደማየት ነው» ትላለች። የሚታየው ጥርት ብሎ ይታያል። መቃው ነው በየወሩ የሚቀጥነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያንም በለቅሶም ያገኘችውን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ትለዋለች። «ሐምሌን ያድርሰኝ። ልጄ ጋውን ለብሳ በዚህ ዓይኔ ልያት። ከዚያ ወዲያ ፈቃዱ ነው።» ኮከብ የሂሳብ ተማሪ ናት፤ አራተኛ ዓመቷን ልትጨርስ የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነው። ፎቶዋ የሚሰቀልበት ሚስማር በምርጊቱ ላይ ከአሁኑ ተመትቷል።

ጥሩሸዋ ያላወቀችው ነገር ነበር። ኮከብ ለዕረፍት ከመምጣቷ በፊት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥቂት ተማሪዎችን ቢሮው ጠርቶ ነበር። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ አጣምሮ የሚያስተምር አዲስ ፕሮግራም ተከፍቷል። የተመረጡት ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር ይማራሉ፤ የሚወስዱት ትምህርት ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠርላቸዋል፤ ክረምቱንም አያርፉም። ለሌላው ሰው ስድስት ዓመት የሚፈጀው ለእነሱ በአምስት ያልቃል። «አንድ ነገር ግን እወቁ» አለ ኃላፊው። «ከእኩዮቻችሁ ጋር ሐምሌ ላይ አትመረቁም። ሁለቱም ዲግሪ በአንድ ቀን ነው የሚሰጣችሁ፤ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ።» የሚፈልግ ሰው ከዕረፍት መልስ እስካለው ዓርብ ስሙን ማስገባት ነበረበት።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ናኢማ የቆላ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እዚያው ቢሮ ውስጥ እሺ አለች። ኮከብ «ላስብበት» ብላ ወጣች። አስባበት ጨርሳ ነበር። ሐምሌ እመረቃለሁ፣ እናቴ ታየኛለች፣ ሁለተኛ ዲግሪው ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ሌላ ጊዜ ማለት ግን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከእሷ በፊት የተመረቁት ልጆች ሁሉ ሌላ ጊዜ ብለው ነው የሄዱት፤ አንዳቸውም ተመልሰው በትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ሲያልፉ አላየችም።

ያን ትምህርት የቀመሰችው በስህተት ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል ተሳስታ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች መሐል ገብታ ተቀመጠች። ስታውቀው ልትወጣ ተነሳች፤ መምህሩ ግን ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጀምሮ ነበርና መጨረሻውን ሳታይ መውጣት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማንም ሳይጠራት መጥታ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። የእነሱ ክፍል ዕረፍት የለውም። ስለዚህ እዚህ፣ መንዝ ውስጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን እጇ የያዘውን ይተዋል። አሁን የት ደርሰው ይሆን? ያን የጀመሩትን ጨርሰውት ይሆን? ሰው ለሰው እንዲህ ሲናፍቅ አይታለች። ለሰሌዳ ሲናፍቅ ግን ከራሷ በቀር አላየችም፤ ስለዚህም ለማንም አልተናገረችም።

ለአባቷ የነገረችው ሳታስበው ነው። በኃይሉ የሱፍ ሸማኔ ናቸው፤ ጥሩሸዋ ትፈትላለች፣ እሳቸው ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ። የሚሠሩባት ጎጆ ከቤቱ ጀርባ ናት፤ ክዳኗ የጓሳ ሣር ነው። ኮከብ ማግ ልታቀብላቸው ገብታ ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለእማዬ ግን እንዳይነግሩ።»

«ለእናትሽ የማይነገር ነገርማ ለእኔም ባይነገረኝ ይሻላል። ከቤት የሚያስወጣኝ ነው?»

ነገረቻቸው። በኃይሉ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላኩ አዳመጡ።

«ቆይ» አሉ ስትጨርስ። «ስድስት ዓመቱ በአምስት ያልቃል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«አራት ዓመቱም በአምስት ያልቃል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ይሄ ነው ሂሳብ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉ። «እስቲ ምንድን ነው የሚያስተምሩት? ቁጥር እስከ ስንት ድረስ ነው?»

«ቁጥር ብዙም የለበትም።»

«ቁጥር የሌለው ሂሳብ፣ ጋውን የሌለው ምሩቅ። ቀጥዪ።»

ኮከብ ከማጉ ላይ አንድ ክር እየመዘዘች አሰበች። «አንድ ትልቅ ነገር አለ እንበል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም፤ ትንሽ ትንሽ ቦታውን ብቻ ነው የሚያዩት። እያንዳንዱን ቦታ፣ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር የት የት ላይ እንደሚደራረብ ካወቁ ግን፣ ሙሉ ቅርጹን ማወቅ ይቻላል። አንድም ቀን ሙሉውን ሳያዩት። እሱን ነው የሚያረጋግጡት።»

በኃይሉ መወርወሪያውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ይቻላል?»

«ይቻላል።»

ወደ ቤቱ በኩል አየት አደረጉ። «ትፈልጊዋለሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ከአፏ ግን አልወጣም። «ትቼዋለሁ» አለች። «ሐምሌ እመረቃለሁ።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ባናቸውን ተሸክመው ሞላሌ ገበያ ወረዱ። ወደ ማታ ግድም ሲመለሱ ባናው የለም፤ በብብታቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ኮከብ የማታውቀው ዓይነት ደስታ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ያላመኑበት የሚመስል። ጥሩሸዋ እንዝርቷን ይዛ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ጥሩዬ!» አሉ ገና ከደጅ። «እንኳን ደስ አለሽ! ልጅሽ ተመርቃለች!»

እንዝርቱ ቆመ። «በየካቲት?»

«በየካቲት! አዲስ ፕሮግራም መጥቷል፤ አፋጣኝ ይሉታል። ጎበዝ ጎበዙን ቶሎ ቶሎ እያስመረቁ ነው። ልታስደንቅሽ ብላ ደብቃሽ ነው እንጂ ከመጣች ጀምሮ ምሩቅ ናት። በይ ኮከብ፣ ልበሺና እናትሽ ትይሽ!»

ፌስታሉን እጇ ላይ ጣሉላት። ውስጡ ጥቁር ጋውንና ባርኔጣ ነበር። ኮከብ አባቷን አየቻቸው። አባቷ ደግሞ በዓይናቸው ለመኗት። ወደ ጓዳ ተከትለዋት ገቡና በሹክሹክታ ተናገሩ፦

«ከሪድዋን ፎቶ ቤት ነው የተከራየሁት። አንዴ ትይሽ። ከዚያ ሂጂና ተማሪልኝ።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«አውቃለሁ። ከሐምሌው በአንድ ዓመት ይዘገያል ያልሽው ጋውን በአምስት ወር ቀደመ፤ ምኑ ነው የከፋው? ልበሺ።»

«የአንገቱ ጨርቅ አረንጓዴ ነው። ይሄ የሐኪም ነው።»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ጋሼ በኃይሉ፣ በሞላሌ ሐኪሙም መምህሩም የባንክ ቤቱም ልጅ በዚህ አረንጓዴ ነው የተመረቀው፤ እስካሁን በሽተኛ አልከሰሰንም› አለኝ።»

ኮከብ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለበሰችው። ጋውኑ የብዙ ሰው ሽቶ፣ የብዙ ሰው ላብ ይሸታል። ባርኔጣው ሰፋ ብሏት ጆሮዋ ላይ አረፈ።

ስትወጣ ጥሩሸዋ ቆማ ጠበቀቻት። እልል ትላለች ብለው በኃይሉ እጃቸውን ለጭብጨባ አዘጋጅተው ነበር። እናቷ ግን ቀረበችና ጫፉን ያዘች። እጅጌውን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። እንደ ሱፍ መረመረችው። ከእጅጌው ወደ ላይ ወጣች፣ ብብቱ ሥር ደረሰች፣ እዚያ ቆመች። ስፌቱ ተተርትሮ ጣቷ ወደ ውስጥ ገባ።

«አዲስ ምሩቅ ብብቱ የተቀደደ ልብስ ይሰጧታል?»

«ዩኒቨርሲቲውም ቸግሮታል» አሉ በኃይሉ።

«በኃይሉ፣ የታመመው ዓይኔ ነው። እጄ አልታመመም።»

 ውጭ በጎቹ ወደ በረት ሲገቡ ይሰማል።

«አንተ ሰውዬ ውጣልኝ፤ በጎቹን አስገባ። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ።»

ኮከብ ጋውኑን እንደለበሰች መደቡ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻት። ፕሮግራሙን፣ አንድ ዓመት እንደሚገፋ፣ ክረምቱንም እንደማትመጣ። ቀጥላ «ግን አልገባበትም። ሐምሌ ታዪኛለሽ» አለች።

«ማን ጠይቆሽ?»

«እማዬ…»

«እኔ ለሰው ሁሉ ሐምሌ ሐምሌ ስል የከረምኩት ልለምንሽ ነበር እንዴ? እግዜርን ነበር የምለምነው። አንቺን ማን በመሐል ገቢ አለሽ?» ድምፅዋ እየጠነከረ መጣ። «ምስሩንም ከኋላዬ ትለቅሚያለሽ። ውኃ ልጠጣ ትዪያለሽ። ልጄ ከብት ሆነች፣ ውኃ ብቻ ነው የምትጠጣው ብዬ ያመንኩሽ መሰለሽ?»

ኮከብ ፊቷን በእጅጌው ሸፈነች።

«ያንን አታበላሺው፤ የሰው ልብስ ነው» አለች ጥሩሸዋ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ትወጅዋለሽ ይሄን ትምህርት?»

«አዎ።» አሁን ወጣ።

ጥሩሸዋ እንዝርቷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዓመቱ አይደለም እኔን የሚከብደኝ» አለች። «ክረምቱ ነው። ክረምት ጉሙ እቤት ድረስ ሲገባ ማንም ማንንም አያይም። አባትሽም እንደ እኔ ይዳብሳል፣ ጎረቤቱም ይዳብሳል። አንቺ ደግሞ በዚያ ጊዜ ነው የምትመጪው። ዘንድሮም ክረምቱ ይመጣል፣ እኩል እንሆናለን፣ ከአንቺ ጋር በአንድ ባና ሥር ሆነን ደጁን ሳናይ እንቀመጣለን ብዬ ነበር።»

ኮከብ መምጣት እችላለሁ ብትል ውሸት ይሆን ነበር፤ አንድ ውሸት ለዛሬ ይበቃ ነበር።

«እንግዲህ ተነሺ» አለች ጥሩሸዋ። «ከደጁ ብርሃን ቁሚ። ፀሐይ ሳትገባ።»

ኮከብ ከበሩ መቃን አጠገብ ቆመች። ምሽቱ ቢጫ ሆኖ ከጎኗ ገባ። እናቷ አጠገቧ ቀርባ ከባርኔጣው ጀመረች። ጭንቅላቷን ቀስ እያደረገች፣ መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ክሩ የተንጠለጠለበትን ጎን፣ ከዚያ ግንባሯን አየች። ወደ ዓይኖቿ ስትወርድ ግንባሯን ሙሉ በሙሉ አልተወችውም፤ ከላይኛው ትንሽ አስቀርታ ታችኛውን ትጨምራለች። ከዓይኖቿ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ አንገቷ፣ ወደ አረንጓዴው ጨርቅ። አንዳንዴ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ወደ ኋላ ተመልሳ ያየችውን ደግማ ታያለች።  በሕይወቷ እንዲህ አድርጎ ያያት ሰው አልነበረም። ጥሩሸዋ ወደ ትከሻዋ፣ ወደ እጆቿ ወረደች። የግራ እጇን አይታ የቀኙን ልትፈልግ ስትዞር ኮከብ እጇን ልታቀርብላት አሰበች፤ ግን ተወችው። እናቷ ራሷ አገኘችው። ጫማዋ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች፤ ከጋውኑ ሥር የወጣውን የፕላስቲክ ጫማ አይታ «እንዲህ ነው የሚመረቁት?» አለች።

«አይደለም። ጥሩ ጫማ ነው የሚያደርጉት።»

«ያን ጊዜ ጥሩ ጫማ አድርጊ። ይሄኛውን እኔ እቀይረዋለሁ።» በጣቷ ግንባሯን ነካች፤ የምትቀይረው እዚያ ውስጥ መሆኑ ነው። «አየሁሽ። እንግዲህ እውነተኛውን ስትለብሺ አጠገብሽ ቆሜ ይሄንን ነው የማየው።»

«እማዬ፣ ጠብታውን ካላቋረጥሽ ያን ጊዜም ልታዪ ትችያለሽ።»

«ልችል እችላለሁ» አለች ጥሩሸዋ። «ክረምቱን ግን ይቅር አልልሽም። እሱን ከአሁኑ እወቂው።» ስትናገር አልሳቀችም።

ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ኮከብ በማግስቱ ጠዋት ወጣች። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ የጓሳ አምባ ከሩቅ ደብዝዞ ይታያል። ዕረፍቱን ግቢ ውስጥ የቀረችው ናኢማ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«ኮከቤ! ወላሂ ስልኩን አቅፌው ነው ያደርኩት። ምን ወሰንሽ?»

«እገባለሁ። እንደምመጣ ለኃላፊው ንገሪልኝ፤ ዓርብ ራሴ ስሜን አስገባለሁ።»

ናኢማ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትሽስ?»

«አየችኝ።»

«ምኑን? ሐምሌ ገና አይደል እንዴ?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ። ናኢማ፣ ሐሙስ የት ደረሱ?»

«ደግሞ ሐሙስ ትላለች! እኔ ምን አውቄ፤ በአንቺ ቦታ ከኋላ ተቀምጬ ደብተሬ ላይ ስምሽን ስጽፍ ነበር።»

ከጉብታው ስትወርድ ቤታቸው ከሥር ይታይ ነበር፤ ግንቡ፣ በረቱ፣ የአባቷ ጎጆ። እናቷ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ወደ ጉብታው ዞራ ተቀምጣለች፤ ግን ወደ እሷ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው የምታየው። ኮከብ እጇን አነሳች። ከዚያ መልስ እንደማይኖር አውቃ እጇን እንዳነሳች ጥቂት ቆየች፤ ዝም ብላ፣ ለራሷ።

ከሰዓት በኋላ በኃይሉ ጋውኑን ይዘው ሞላሌ ሊወርዱ ተነሱ። ጥሩሸዋ አስቆመቻቸው።

«ብብቱ ተቀድዶ ነው የምትመልሰው?»

«ተቀድዶ ነው እኮ የሰጠኝ! ሪድዋን ራሱ አያውቀውም።»

«የሰው ዕቃ ቤታችን ገብቶ እንደተቀደደ አይወጣም። ነገ ሌላ ልጅ ትለብሰዋለች፤ የእሷም እናት እጅ አላት።»

«እንግዲህ ከሸማኔ ቤት ነው የወጣው ይበሉ» አሉ በኃይሉና በግንቡ ላይ ተቀመጡ።

ጥቁር ክር ቤት ውስጥ አልነበረም። ኮከብ ወደ አባቷ ጎጆ ገብታ እናቷ ከጥቁር በግ ሱፍ ከፈተለችው ላይ ቀጭኑን መርጣ አንድ ክንድ ያህል ቆረጠች። ከደጁ ተቀመጠች፣ ጋውኑን በውስጥ በኩል ገለበጠች፣ የተተረተረውን ሁለት ጠርዝ አገናኝታ ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፋች። ሱፉ ከጨርቁ ይልቅ ወፍራም ነበርና ስፌቱ ጉብ ጉብ አለ። እናቷ እጇን ዘርግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችውና መልሳ ሰጠቻት። ኮከብ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ቋጠረችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጋውኑን አጣጥፋ ባርኔጣውን ከላይ አድርጋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው፤ አፉን አስራ ከአባቷ ጎን ግንቡ ላይ አስቀመጠችው።